ካርታ የሌለው ውሃ

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ዛሬ እሱ ራሱ መምህር ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ካሉት የሐይቅ ዳር ከተሞች በአንዲቱ ያስተምራል። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ከወሰደ ዓመታት አልፈዋል። ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ከዘመድ እየተበደረ፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ገብቷል። የደወለልኝ ግን ለደስታ አልነበረም። «ዶክተር፣ ውሃው ደጃፋችን ደርሷል» አለኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ ወደ አያታቸው ልኳቸዋል። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ «ግን እኮ ካርታ አለን» አለ።

ይህች አጭር ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የአገራችንን የመሬት ታሪክ ተማሪዬ ሳያስበው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ መናገሩ ነው። ሁለተኛው የግሌ ነውና ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በትምህርት ቤት ካርታ ማለት ተራራውን፣ ወንዙንና ሜዳውን በወረቀት ላይ የሚያሳይ ሥዕል ነው። በከተማ ግን ካርታ ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ነው። «ቤቱ ካርታ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ቦታው ተዳፋት ይሁን ረባዳ፣ ደረቅ ይሁን ረግረግ ማወቅ ፈልጎ አይደለም። ባንክ የሚያበድረው፣ ፍርድ ቤት የሚያውቀው፣ ወራሽ የሚከራከርበት ካርታ ላለው ነው። በዚህ ቋንቋ ካሰብን፣ ካርታ ያልወጣለት መሬት ሁሉ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይታየናል። ጨፌው፣ የወንዙ ዳር፣ ውሃው በክረምት የሚተኛበት ሜዳ፣ ሁሉም «ባዶ ቦታ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በአዳማ ዙሪያና ከእርሷ በስተደቡብ በተዘረጉት ከተሞች፣ በሦስት መንግሥታት ዘመን ብዙ መስመር ተሰምሯል። ለውሃው ተብሎ የተሰመረና በሕግ የጸና መስመር ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ስሞቹ የሚያስታውሱት

በመጀመሪያ ውሃው ራሱ የት ድረስ እንደነበረ እናስታውስ። ከአሥር ሺህ እስከ አምስት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በአሮጌው የሐይቅ ዳር ደለልና ዛጎል መስክረውታል። የዚያ ሐይቅ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1670 ሜትር ደርሶ፣ ትርፉ ወደ ሰሜን ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዛሬው የዝዋይ ገጽ 1636 ሜትር ገደማ ነው። ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ከሐይቁ በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ቤቶቿ የቆሙት በጥንታዊው ሐይቅ ወለል ላይ ነው።

ያ ዘመን ይመለሳል ብሎ የሚሰጋ የለም። ነገር ግን የዚያ ታሪክ ቅርስ የሆነው ሜዳ እስካሁን አለ። ዝዋይ ስፋቱ ከ430 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሐይቅ ብለን ብንጠራውም ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ የውሃው ከፍታ በግማሽ ሜትር ሲለዋወጥ፣ ዳሩ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሊሄድና ሊመለስ ይችላል። ፊላውና ደንገሉ የበቀለበት ሥፍራ አንድ ዓመት ውሃ፣ ሌላ ዓመት ግጦሽ፣ ሌላ ዓመት የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ይሆናል።

ቀድሞ የነበረው ሕዝብ ይህን ያውቅ ነበር። ዕውቀቱንም በስም አስቀምጦታል። ጨፌ የምንለው ቃል ለአማርኛም ለኦሮምኛም የጋራ ነው፤ እርጥብ፣ ለምለም ሣር የበቀለበት መስክ ማለት ነው። በገዳ ሥርዓት ሸንጎ የሚቀመጠው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለነበረ፣ ቃሉ የጉባኤው ስም ሆነ። ዛሬም የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል፤ በአዳማም በተደጋጋሚ ተሰብስቧል። በዚያችው ከተማ ገንደ ሀራ የሚባል ሰፈር አለ፤ በኦሮምኛ የሐይቁ መንደር እንደ ማለት ነው። አዳማ በኮረብታዎች መካከል እንደ ሳህን የተቀመጠች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚዘንበው ወደ መካከሏ ይወርዳል፤ ጎርፍም ደጋግሞ ጎብኝቷታል። እንግዲህ ሕግ አውጪው ጉባኤ ስሙን ከረግረግ መስክ ወስዶ፣ መስኩን ራሱን የሚጠብቅ ድንበር ሳይቆምለት መቅረቱ የታሪክ ምጸት ነው።

ወንጂና ቆቃ

በዘመናዊ መሣሪያ የተሰመረው ትልቁ መስመር የተጀመረው ከአዳማ በስተደቡብ፣ ወንጂ ላይ ነው። የአዋሽ ወንዝ በክረምት የሚተኛበት ያ ረግረጋማ ሜዳ ለከብት አርቢው ኦሮሞ የበጋ ግጦሽ ነበር። በ1940ዎቹ መሬቱ ኤች ቪ ኤ ለተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተሰጠ። ረግረጉ ተንጣፈፈ፤ ቦዩ ተቆፈረ፤ የስኳር ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አገሪቱ ስኳር አገኘች፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራ አገኙ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አንድ አስተሳሰብ አብሮ ተተከለ፤ ይኸውም ረግረግ ማለት ገና ያልተሠራበት መሬት ነው የሚለው ነው። ለአርቢው ያ ሜዳ በድርቅ ወር የመጨረሻው ሣር የሚገኝበት ነበር። ለቀያሹ ግን በወረቀቱ ላይ ነጭ ቦታ ነበር።

ከዚያ ቆቃ መጣ። ግድቡ የተሠራው ኢጣልያ በጦር ካሣ በከፈለችው ገንዘብ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ ለአዲስ አበባና ለአዳማ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። እዚህ ላይ የተገላቢጦሽ ነገር እናያለን። ወንጂ ላይ ረግረግ መሬት ሆነ፤ ቆቃ ላይ መሬት ሐይቅ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ መስመሩን ያሰመረው መሐንዲሱ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ የተነሣው ነዋሪ ነው። የቆቃ ሐይቅ ከዚያ ወዲህ በደለል ተሞልቶ የመያዝ አቅሙ በእጅጉ ቀንሷል፤ እምቦጭም ወርሮታል። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ይል የነበረው አባባላችን በቆቃ ዳር ሌላ ትርጉም አግኝቷል። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በሸለቆው የሚኖሩትን ሲያፈናቅል ብዙዎች «ያልታሰበ ጎርፍ» ብለውት ነበር። ወንዙ ግን የተኛው በአሮጌው መኝታው ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ አገሪቱ ብሔራዊ ፓርክ ማቋቋም ጀምራ ነበር። አዋሽ በ1961 ዓ.ም.፣ ሰሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ድንበራቸው በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። የአብያታ ሻላ ፓርክም በ1960ዎቹ ተቋቋመ። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ዓላማው በዋነኛነት የውሃ ወፎችን መጠበቅ ነበር። ነጫጭ ይብራዎች በጥልቁ ሻላ መካከል ባለች ደሴት ይፈለፍላሉ፤ ዓሣ የሚያጠምዱት ግን ጥልቀት በሌለው በአብያታ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ጓዳ ነበር ማለት ነው።

ይህ ፓርክ ግን እንደ አዋሽና እንደ ሰሜን አልታወጀለትም። ለአሥርተ ዓመታት ጠባቂ ነበረው፣ በር ነበረው፣ ሰሌዳ ነበረው፤ በፍርድ ቤት የሚቆም ድንበር ግን አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ሆነ። ደርግ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ፣ ሁሉም መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። ይሁንና የሁሉም የሆነ ነገር በተግባር ቀድሞ ለደረሰው ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በሽግግሩ ክፍተት ግራሩ ለከሰል ተቆረጠ፤ ሰውም በፓርኩ ውስጥ ሰፈረ። ሰፋሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። ድንበሩን መንግሥት ራሱ በሕግ ካላወቀው፣ ገበሬው እንዴት ይወቀው?

አብያታን ያጠበበው የራሱ ዳር ብቻ አልነበረም። ቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ተነሥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በዝዋይ ዙሪያ የመስኖ ሞተሩ እየበዛ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የአበባ እርሻው እየሰፋ ሲሄድ፣ የቡልቡላ ውሃ ቀነሰ። ፋብሪካውም ከአብያታው ይቀዳ ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ ጨዉ በረታ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ይብራውም ቀለቡን ፍለጋ ወደ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነበት። እንግዲህ በባቱ ከተማ ዳር የምናሰምረው መስመር ከባቱ በላይ ነው የሚደርሰው። ከላይ ያለውን ሐይቅ ዳር ስንበላ፣ ከታች ያለው ይደርቃል።

ገጠር ሲባል፣ ከተማ ሲባል

ከ1983 ወዲህ ያለውን ዘመን በሁለት ዓይነት ሕግ መመልከት ይቻላል። በአንድ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 የንጹሕ አካባቢን መብት አወቀ። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 በረግረጋማ መሬት ያለው ብዝኀ ሕይወት እንዲጠበቅ ደነገገ፤ ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በሌላ በኩል በ1986፣ በ1994ና በ2004 ዓ.ም. የወጡት የሊዝ አዋጆች የከተማን ቦታ ዋጋ ያለው ሸቀጥ አደረጉት፤ የማዘጋጃ ቤቶችም አንዱ የገቢ ምንጭ የሊዝ ሽያጭ ሆነ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ጥበቃ የተጻፈው በገጠር መሬት አዋጅ ውስጥ ነው። ከተማዋ ወሰኗን ስታሰፋና ቀበሌው ከገጠር ወደ ከተማ ሲዞር፣ ያ ጨፌ ከአንዱ ሕግ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ትናንት ብዝኀ ሕይወቱ የሚጠበቅ ረግረግ የነበረው፣ ነገ በሳይት ፕላን ላይ ቁጥር ያለው ቦታ ይሆናል። መሬቱ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም፤ የተለወጠው መዝገቡ ብቻ ነው።

ከተሞቹ ደግሞ በፍጥነት አድገዋል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 127,842 ሕዝብ የነበራት አዳማ በ1999ኙ ቆጠራ 220,212 ሆናለች። ባቱም በዚያው ጊዜ ከእጥፍ በላይ አድጋለች። በ1992 ዓ.ም. የክልሉ ዋና ከተማ ወደ አዳማ እንዲዛወር ሲወሰንና በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ በመካከሉ የተሰጠው ቦታና የተነሣው የመሬት ዋጋ አልተመለሰም። በ2006 ዓ.ም. የፈጣን መንገዱ መከፈት አዳማን ለአዲስ አበባ ደጃፍ አደረጋት። በቢሾፍቱ የሐይቆቹ ዳር በሆቴልና በመዝናኛ አጥር ተከበበ። በከተማዋ ዳር ያለውና በየዓመቱ ይሰፋና ይጠብ የነበረው፣ በወፎቹ የታወቀው ጨለለቃም እየመነመነ ሄደ። በወንዶ ገነትና በሐዋሳ መካከል ያለው ሌላው ጨለለቃ ደግሞ ከሐይቅነት ወደ ረግረግነት፣ ከረግረግነት ወደ እርሻ ማሳነት ተለውጧል። በስም አንድ የሆኑት በዕጣም አንድ ሆኑ።

እዚህ ላይ ስለ ፖለቲካው ዝም ማለት አይቻልም። በኦሮሚያ መስመር ማስመር ንጹሕ የቴክኒክ ሥራ ሆኖ አያውቅም። የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. የቀሰቀሰው ተቃውሞ፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ እንዲሰረዝ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ጂፒኤስ የያዘ ሰው በማሳው ዳር ሲያይ የማይደነግጥ ገበሬ ማግኘት ከባድ ነው። ቢደነግጥም አይፈረድበትም፤ ችካል ሲተከል ያየው መሬቱ ሲሄድ ነው። ውሃን ለመጠበቅ የሚተከለውንም ችካል በዚያው ዓይን ያየዋል። ጥርጣሬውን የሚያጸናው ደግሞ የአፈጻጸሙ አድልዎ ነው። በረግረጉ ጫፍ ላይ የተሠራ የጨረቃ ቤት በዶዘር ሲፈርስ፣ ከእርሱ ይልቅ ወደ ውሃው የቀረበ ባለ ሊዝ ሕንፃ ካርታ ስላለው ይቆማል።

ውሃው የማያውቀው ድንበር

አብያታ ሲሸሽ፣ ወደ መተሐራ የሚገኘው በሰቃ ሐይቅ በተቃራኒው ሰፋ። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ውሃ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ40 በላይ ሆኖ ግጦሽን፣ የአገዳ ማሳንና መኖሪያን ዋጠ፤ አውራ ጎዳናውና የባቡር ሐዲዱም ከፍ እንዲደረጉ አስገደደ። ምክንያቱ ከመስኖ የሚሰርገው ትርፍ ውሃ ነው፣ የከርሰ ምድሩ ለውጥ ነው እያሉ ምሁራን ይከራከራሉ። ለእኛ ክርክር ግን ሁለቱ ሐይቆች አንድ ነገር ያስተምራሉ። በአንድ ቀን የውሃ ጠርዝ ላይ የተሰመረ ድንበር የዚያ ቀን ማስታወሻ እንጂ ድንበር አይደለም።

ታዲያ ድንበር ማስመር አይቻልም ማለት ነውን? ይቻላል። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ በኬንያ ናይቫሻ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. የነበረው ከፍተኛ የውሃ ልክ 6,210 ጫማ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ከዚያ በታች ያለው መሬት የሐይቁ ዳር ሆኖ እንዲታወቅ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቅኝ ገዥው መንግሥት ጋር ስምምነት ተደርጓል። ውሃው ሲሸሽ የዳሩ ባለይዞታ መሬቱን ሊያርስበት፣ ሊያግጥበት ይችላል፤ ቋሚ ቤት ግን አይሠራበትም። ስምምነቱ የነጭ ሰፋሪዎችን ጥቅም ለመጠበቅ የተደረገ እንደሆነ አልዘነጋሁም፤ በኋላም በደንብ አልተከበረም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ሲሞላ ኪሆቶ የተባለው የከተማዋ ሰፈር በውሃ ተጥለቅልቋል። ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መስመሩ የተሰመረው ውሃው ዛሬ ባለበት ሳይሆን ሊደርስ በሚችልበት ከፍታ ነው። ረግረጋማ ሥፍራዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኢራን ከተማ በራምሳር በ1971 እ.ኤ.አ. ሲፈረም፣ ኬንያ በኋላ ገብታ ናይቫሻን አስመዘገበች፤ ኢትዮጵያ ግን ለአሥርተ ዓመታት ከውጭ ቆየች።

የእኔ መስመር

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ከአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ የመዋቅር ዕቅድ ጋር በተያያዘ የሐይቁን ዳር እንድናመለክት ከተጠየቅነው ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። የሄድነው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ በሚልበት ሰሞን ነበር። ጂፒኤስ ይዤ በተሰነጠቀው ጭቃ ዳር ስሄድ፣ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቀርበው ሰላምታ ሰጡኝና ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። «የሐይቁን ዳር እየለካን ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «የበጋውን ነው የክረምቱን፣ ልጄ?» አሉኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። ጊዜ አልነበረንም፤ አበሉ ለአምስት ቀን ነበር። ከዚያ ቀን ጠርዝ ሃምሳ ሜትር ተቆጥሮ መከለያ ተባለ፤ ከእርሱ ወዲያ ያለው ለመኖሪያ ተመራ።

ተማሪዬ ከደወለልኝ በኋላ የቀድሞ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ቤቱ ያለው ከእኔ መስመር ውጭ ነው። በእኔ መስመር መሠረት ሕጋዊ ነው፤ ካርታውም ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ካርታው በተደገፈበት ካርታ ላይ ነው፤ ያንን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የምለውን የምለው ከወንበር ላይ ሆኜ አይደለም። የሐይቅና የረግረግ ድንበር በአንድ ቀን ጠርዝ መሰመሩ ይቅር፤ በሰው ትዝታና በመዝገብ በሚታወቀው ከፍተኛ የውሃ ልክ ይሰመር። ያ መስመር በአዋጅ ይጽና፤ ከቤትና ከቦታ ይዞታ ጋር በአንድ መዝገብ ይግባ፤ ማለትም ውሃውም ካርታ ይውጣለት። ከመስመሩ በታች መሬቱ ሲደርቅ የሚያግጠውና የሚያርሰው ገበሬ መብቱ ይታወቅለት፤ ጠባቂው እሱ ነውና። መንግሥት ራሱ በሰጠው ካርታ ውሃ ውስጥ የገቡት ደግሞ እንደ ሕገ ወጥ ሳይሆን እንደ ተበደለ ሰው ምትክ ይሰጣቸው።

ለተማሪዬ መልሼ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ግንቦቱን፣ አዛውንቱን፣ ሃምሳ ሜትሩን። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ታዲያ አሁን ማን ዘንድ ልሂድ፣ ዶክተር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። የማመልክትለት ቢሮ አልነበረኝም። ያ ማስታወሻ ደብተር ግን እጄ ላይ ነው፤ አቤቱታውን ሲያቀርብ አብሬው ልቆም፣ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ እንደሆንኩም ልመሰክር ቃል ገብቼለታለሁ።

ቸር እንሰንብት።